ጊታር ሳይጫወት የቤዝ ጊታርን መድረክ የሠራው ሊዮ ፌንደር

ዛሬ በየትኛውም አገር ቤዝ ጊታር የሚጫወት ሰው ለመድረክ ሥራው አምፕሊፋየር ሲመርጥ የሚያነሳቸው ጥያቄዎች ተመሳሳይ ናቸው። ስንት ዋት ይበቃኛል? አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር ይሻላል ወይስ አራት ባለ 10 ኢንች? ብቻዬን ተሸክሜ ደረጃ እወጣበታለሁን? በጉዞ ላይ ቢበላሽ ማን ይጠግንልኛል? እነዚህን ጥያቄዎች ከ70 ዓመታት በፊት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መልስ ሲፈልግላቸው የኖረው ሰው ሙዚቀኛ አልነበረም። በትምህርቱ የሒሳብ መዝገብ ሠራተኛ፣ በሙያው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ስሙ በዓለም መድረኮች ሁሉ ይነበባል፤ በሕይወቱ የመጨረሻ 26 ዓመታት ግን በገዛ እጁ በሠራቸው መሣሪያዎች ላይ ያንን ስም ማስፈር አልቻለም።

ክላረንስ ሊዮኒዳስ ፌንደር በፈረንጆቹ ኦገስት 10 ቀን 1909 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ግዛት፣ በአናሃይምና በፉለርተን ከተሞች መካከል በሚገኘው የወላጆቹ የብርቱካን እርሻ ተወለደ። በስምንት ዓመቱ በዕጢ ሳቢያ ግራ ዓይኑን አጣ፤ ከዚያ ወዲህ በመስታወት ዓይን ኖረ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከውትድርና ያስቀረውም ይኸው ነበር። በልጅነቱ ፒያኖ፣ ቀጥሎም ሳክስፎን ሞክሯል። ጊታር መጫወት ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አልተማረም።

ልቡን የወሰደው ሌላ ነገር ነበር። አጎቱ በሳንታ ማሪያ ከተማ የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ ሱቅ ነበረው። ሊዮ የአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ሳለ ከአጎቱ በሣጥን የታሸጉ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ተላኩለት፤ በኋላም ሱቁን ሲጎበኝ አጎቱ ራሱ ገጣጥሞ የሠራውን ሬዲዮ በትልቅ ድምፅ ሲዘፍን ሰማ። ያ ድምፅ ከጆሮው አልወጣም። ወላጆቹ ቤት ተመልሶ የጎረቤቶቹንና የትምህርት ቤት ጓደኞቹን ሬዲዮ መጠገን ጀመረ። በኮሌጅ ያጠናው ግን ሒሳብ መዝገብ ነው፤ የኤሌክትሪክ ምህንድስና በትምህርት ቤት አልተማረም።

ከኮሌጅ በኋላ በአንድ የበረዶ ፋብሪካ በአመላላሽነት፣ ቀጥሎም በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጠረ። በዚያው ዘመን አንድ የዳንስ ባንድ መሪ በሆሊውድ አዳራሾች የሚያገለግሉ ስድስት የድምፅ ማጉያ ስብስቦች እንዲሠራለት ጠየቀው፤ ሠርቶም አስረከበ። በ1934 አስቴር ክሎስኪን አገባ። ከዚያ በመንግሥት የአውራ ጎዳና መሥሪያ ቤት፣ ቀጥሎም በአንድ የጎማ ድርጅት በሒሳብ ሥራ ላይ ሳለ፣ አሜሪካን ባደቀቀው የኢኮኖሚ ድቀት ሁለቱንም ሥራዎች ተራ በተራ አጣ። በ1938 ስድስት መቶ ዶላር ተበድሮ ወደ ፉለርተን ተመለሰና የሬዲዮ ጥገና ሱቅ ከፈተ።

የኋላ ሥራውን ለመረዳት የዚህን ሱቅ የዕለት ውሎ ማሰብ ይጠቅማል። ሊዮ ሬዲዮና የሸክላ ማጫወቻ ከመጠገን አልፎ ለስብሰባና ለዳንስ የድምፅ ማጉያ ያከራይ ነበር። የአካባቢው ሙዚቀኞች የተቃጠለ አምፕሊፋየራቸውን፣ የተቀደደ ስፒከራቸውን፣ ክሩ የተበጠሰ ገመዳቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። አዲስ ዕቃ የሚሠራ ሰው ዕቃው አዲስ ሳለ የሚያምርበትን ያያል፤ ጠጋኝ ግን የሚያየው ከሁለት ዓመት ጉዞና ከመቶ ሌሊት ጨዋታ በኋላ የተረፈውን ነው። የትኛው ብየዳ እንደሚላቀቅ፣ የትኛው ክፍል ሙቀት እንደማይችል ሊዮ የተማረው ከሌሎች ፋብሪካዎች ስህተት ነበር።

በ1945 ዶክ ካውፍማን ከተባለ ሙዚቀኛና የፈጠራ ሰው ጋር ኬ ኤንድ ኤፍ የተባለ አነስተኛ ድርጅት መሥርቶ በጭን ላይ ተደርገው የሚመቱ የሃዋይ ጊታሮችንና አምፕሊፋየሮችን ማምረት ያዘ። በቀጣዩ ዓመት ካውፍማን ከሥራው ወጣ፤ ሊዮ ብቻውን የፌንደር ኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ኩባንያን አቆመ። በ1948 ጆርጅ ፉለርተን ተቀላቀለው።

የዚያን ዘመን የፌንደር አምፕሊፋየር ከፍቶ የሚያይ ሰው የጠጋኙን እጅ ያገኘዋል። ክፍሎቹ በአንድ ሰሌዳ ላይ በሥርዓት ተደርድረዋል፤ የተበላሸውን ነቅሎ ሌላ ለመተካት ቀሪውን ማፍረስ አያስፈልግም። በሣጥኑ ውስጥ የትኛው የመስታወት ቫልቭ በየትኛው ቦታ እንደሚገባ የሚያሳይ ወረቀት ተለጥፏል። ውጪው ለሻንጣ መሸፈኛ በሚውለው ዓይነት ጠንካራ ጨርቅ ተለብዷል። ብዙዎቹ ከ70 ዓመት በኋላም ይሠራሉ፤ የተበላሹትንም የትም አገር ያለ ብልህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሊያነሳቸው ይችላል። መሣሪያውን ይዞ አገር ለአገር ለሚዞር ሙዚቀኛ ይህ ከማንኛውም ጌጥ ይበልጣል።

በ1950 ሊዮ ከአንድ ወጥ ጣውላ የተሠራውን፣ በኋላ ቴሌካስተር የተባለውን ኤሌክትሪክ ጊታር ለገበያ አቀረበ። ከዚያ ዓይኑን ወደ ባንዱ ጀርባ አዞረ። በጀርባ የቆመው የደብል ቤዝ ተጫዋች ነበር። ከሰው ቁመት የማያንስ ትልቅ የእንጨት መሣሪያ አቅፎ፣ በመኪና ጣሪያ ላይ አስሮ ከከተማ ወደ ከተማ ይጓዛል። አዳራሹ ሲደርስ ከበሮው፣ የነሐስ መሣሪያዎቹና አዲሱ ኤሌክትሪክ ጊታር ይውጡታል። አድማጩ ጣቶቹ ሲንቀሳቀሱ ያያል እንጂ ድምፁን አይለየውም። አንገቱ ላይ ፍሬት ስለሌለም ጣት አንዲት ጣት ያህል ከቦታዋ ብትስት ዜማው ይበላሻል።

የሊዮ መልስ በ1951 መገባደጃ ወጣ። ፕሪሲዥን ቤዝ ይባላል፤ ስሙም ፍሬት ስላለው ድምፁን በትክክል ማግኘት መቻሉን ያመለክታል። የደብል ቤዝ ክር በድምፅ አውጪው ክፍሉ ከአንድ ሜትር ያልፋል፣ የጊታር ደግሞ 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ሊዮ በመካከል 34 ኢንች ወይም 86 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት መረጠ። ዛሬም አብዛኞቹ የቤዝ ጊታር ፋብሪካዎች ከዚህ ልክ አልወጡም። እውነቱን ለመናገር ፍሬት ያለው ኤሌክትሪክ ቤዝ የመጀመሪያው ፈልሳፊ እርሱ አይደለም፤ ፖል ታትማርክ በ1930ዎቹ በሲያትል ከተማ አንድ ሠርቶ ነበር። ያ መሣሪያ ግን ከአካባቢው ብዙም ሳይርቅ ተረሳ።

የሊዮ ቤዝ ያልተረሳበት አንዱ ምክንያት ብቻውን አለመምጣቱ ነው። ደብል ቤዝ ባዶ ሆዱ ድምፁን ያጎላለታል፤ ከወጥ ጣውላ የተሠራ ቤዝ ጊታር ግን ከኤሌክትሪክ ከተነጠለ የሚሰማው ለተጫዋቹ ብቻ ነው። የመሣሪያው ግማሽ አካል አምፕሊፋየሩ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሊዮ ይህን አውቆ በ1952 ቤዝማን የተባለውን አምፕሊፋየር አወጣ። ኃይሉ 26 ዋት ገደማ፣ ስፒከሩ አንድ ባለ 15 ኢንች ነበር።

ችግሩ ከባድ የሆነው በድምፅ ተፈጥሮ ምክንያት ነው። የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ይርገበገባል፤ የድምፁ ሞገድ ርዝመት ከ8 ሜትር ይበልጣል። የሰው ጆሮ እንዲህ ያለውን ወፍራም ድምፅ ከቀጭኑ ይልቅ በድካም ይሰማል፤ ስለዚህ ቤዙ ከጊታሩ እኩል እንዲሰማ ብዙ አየር መግፋት ግድ ይሆንበታል። ኃይሉን ከ30 ዋት ወደ 60 ማሳደግም ድምፁን እጥፍ አያደርገውም። ጆሮ እጥፍ ሆነ ብሎ እንዲቀበለው ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል ማደግ አለበት። ጊታር ተጫዋቹ በ30 ዋት ሲረካ ቤዝ ተጫዋቹ 300 የሚፈልግበት ምሥጢር ይህ ነው። በ1952 ግን እንዲህ ያለ አምፕሊፋየር የሚሠራ አልነበረም፤ ቢሠራም ኃይሉን የሚሸከም ስፒከር አይገኝም ነበር።

ሊዮ የሠራውን ዕቃ ለተጫዋቾች ሰጥቶ፣ በምሽት ወደሚጫወቱበት አዳራሽ ሄዶ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ራሱ መጫወት ስለማይችል የሌላውን ቅሬታ ከመስማት በቀር መንገድ አልነበረውም፤ ምናልባትም ይህ ጠቅሞታል። ራሱ ጎበዝ ተጫዋች ቢሆን ኖሮ ለገዛ ጣቶቹ የሚመች መሣሪያ ሠርቶ ሊያቆም ይችል ነበር። ቤዝማን ከዓመት ዓመት ተለወጠ። በ1954 መገባደጃ አንዱ ትልቅ ስፒከር ወጥቶ አራት ባለ 10 ኢንች ስፒከሮች ገቡ። አራቱ ሸክሙን ይከፋፈሉታል፤ ትንሽ በመሆናቸውም ለጣት ምት ፈጥነው ይመልሳሉ። ዛሬም በመድረክ ላይ ባለ 10 ኢንቾቹን ለጥራት፣ ባለ 15 ኢንቹን ለውፍረት የሚመርጡ ተጫዋቾች ክርክር ከዚህ የተነሣ ነው ማለት ይቻላል። ክርክሩ ግን ብዙ ጊዜ ስፒከሩ የተቀመጠበትን ሣጥን ይረሳል። ጀርባው ክፍት የሆነ ሣጥን ወፍራሙን ድምፅ ያባክናል፤ አራት ስፒከር የያዘው ቤዝማን ደግሞ ጀርባው ክፍት ነበር።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ሊዮ አላሰበውም። ቤዝማን ከአቅሙ በላይ ሲገፋ የሚያወጣው ሻካራ ድምፅ ለቤዝ የማይመች ሆኖ ሳለ ጊታር ተጫዋቾችን ማረከ። በ1962 በለንደን የከበሮ መምህርና የሙዚቃ መሣሪያ ነጋዴ የነበረው ጂም ማርሻል ከባልደረቦቹ ጋር የመጀመሪያውን አምፕሊፋየር ሲሠራ መነሻ ያደረገው የቤዝማንን የኤሌክትሪክ ንድፍ ነበር። ስለዚህ ለቤዝ ተብሎ የተሠራው አምፕሊፋየር የሮክ ጊታር ድምፅ አባት ሆነ፤ ቤዝ ተጫዋቹ ግን አሁንም የሚበቃ ኃይል ይጠብቅ ነበር።

ቤዝ ጊታሩ ራሱ ቀስ ብሎ ተስፋፋ። የጃዝ ባንድ መሪው ላዮኔል ሃምፕተን ቀድመው ከተቀበሉት አንዱ ነው። የባንዱ ተጫዋች መንክ ሞንትጎመሪ አዲሱ መሣሪያ ሲሰጠው መጀመሪያ ደስ አላለውም፤ ለደብል ቤዝ ተጫዋች እንደ ውርደት የሚታይ ነገር ነበርና። በኋላ ግን ይዞት አውሮፓ ድረስ ዞረ። የኤልቪስ ፕሪስሊ አጃቢ ቢል ብላክ በ1957 ያዘው። በዲትሮይት ከተማ የሞታውን ኩባንያ ስቱዲዮ ውስጥ ጄምስ ጃመርሰን በ1960ዎቹ በፕሪሲዥን ቤዝ የሠራው ሥራ የዘመናዊውን ቤዝ አጨዋወት ቀረጸ። በአዲስ አበባም የምሽት ክበብ ባንዶች መሣሪያውን በዚያው ዘመን ተቀበሉት፤ ዛሬ ደግሞ የባህል ሙዚቃ ቡድኖች ቤዝ ክራራቸውን ከአምፕሊፋየር ጋር አገናኝተው ይጫወታሉ።

ስትራቶካስተር የተባለው ጊታር በ1954፣ ጃዝ ቤዝ የተባለው ሁለተኛው ቤዝ ጊታር በ1960 ወጡ። ብዙ ሰው ሊዮን የሚያስታውሰው በስትራቶካስተር ነው። ቤዙ ግን ይበልጣል ቢባል የሚያስኬድ ነው፤ ኤሌክትሪክ ጊታር ያለ እርሱም ነበር፣ ቤዝ ተጫዋቹን ግን ከባንዱ ጀርባ ያወጣው እርሱ ነው።

በ1960ዎቹ መግቢያ አዳራሾቹ ሰፉ፤ የሚመጣው ወጣትም በዛ። በካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ በሺዎች ፊት ይጫወት የነበረው ጊታር ተጫዋች ዲክ ዴል የተሰጡትን አምፕሊፋየሮችና ስፒከሮች በተደጋጋሚ አቃጠለ። ሊዮና ረዳቱ ፍሬዲ ታቫሬስ በሕዝቡ መካከል ቆመው ከሰሙ በኋላ ችግሩ እንደገባቸው ይነገራል። ፋብሪካ ውስጥ ጸጥ ባለ ክፍል የሚበቃው ኃይል በሰው በተሞላ አዳራሽ ይዋጣል፤ የሰው ገላና ልብስ ድምፅ ይጠጣሉና። ከዚያ ሾውማን የተባለው ኃይለኛ አምፕሊፋየር ተወለደ። በ1961 ቤዝማንም ከስፒከሩ ተነጠለ፤ ማጉያው ለብቻ፣ የስፒከሩ ሣጥን ለብቻ ሆኑ፣ ሣጥኑም ጀርባው ተዘጋ። ተጫዋቹ ሸክሙን በሁለት እጅ ከፍሎ መያዝ፣ እንደ አዳራሹም ስፋት ሣጥን መቀያየር ቻለ።

ይህ አሠራር እስከ ዛሬ የዘለቀ ቢሆንም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ሁለት ባለ 8 ኦም ሣጥኖች ጎን ለጎን ሲገናኙ አምፕሊፋየሩ የሚያየው 4 ኦም ነው። ከተፈቀደለት በታች ከወረደ ይሞቃል፤ ሊቃጠልም ይችላል። የቫልቭ አምፕሊፋየር ደግሞ ስፒከሩ ሳይሰካ ከተጫወተ ለከባድ ብልሽት ይጋለጣል። ስለ ዋት ብቻ ጠይቆ ስለ ኦም ሳይጠይቅ የገዛ ተጫዋች ጉዳቱን የሚያውቀው ብዙ ጊዜ መድረክ ላይ ነው።

ለቤዝ የሚበቃውን ኃይል ያመጡት በመጨረሻ ሌሎች ናቸው። አምፔግ የተባለው ኩባንያ በ1969 ባወጣው ኤስ ቪ ቲ 300 ዋት ደረሰ፤ ሮሊንግ ስቶንስ በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጉዞአቸው ተጠቀሙበት። ማጉያው ብቻውን ወደ 40 ኪሎ ስለሚመዝን ያለ ረዳት የሚነሳ አልነበረም። ዛሬ በትንሽ ቦርሳ የሚያዝ፣ ጥቂት ኪሎ የሚመዝን አምፕሊፋየር ከዚያ የበለጠ ኃይል ይሰጣል፤ ተጫዋቹም ድምፁን በቀጥታ ወደ አዳራሹ ማጉያ ልኮ የራሱን አምፕሊፋየር ራሱን ለመስማት ብቻ ሊጠቀምበት ይችላል።

ሊዮ ያን ውድድር ከዳር ሆኖ ነው የተመለከተው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሳይነስ ሕመም ጋር ለዓመታት ታገለ፤ ሐኪም ቤት ቢመላለስም አልተሻለውም። ብዙ ዕድሜ የቀረው አልመሰለውም። በጃንዋሪ 1965 ከ500 በላይ ሠራተኞች የነበሩትን ኩባንያውን ለሲቢኤስ የብሮድካስት ድርጅት በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ገንዘቡ ሲቢኤስ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በኒው ዮርክ ያንኪስ የቤዝቦል ቡድን ውስጥ ላገኘው ዋና ድርሻ ከከፈለው ይበልጥ ነበር። ከሽያጩ በኋላ ሌላ ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ በታዘዘለት ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒትም ዳነ። ኩባንያው ግን ሄዷል፤ ከኩባንያውም ጋር ስሙ።

በውሉ መሠረት ለአሥር ዓመታት ከሲቢኤስ ጋር መወዳደር አይችልም ነበር። ተጫዋቾች በነዚያ ዓመታት የተመረቱትን ዕቃዎች ከቀደሙት ጋር እያነጻጸሩ ጥራቱ ወረደ ይሉ ጀመር፤ ከ1965 በፊት የተሠሩት ዋጋቸው የናረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በ1985 ሲቢኤስ ኩባንያውን በቢል ሹልዝ ለሚመራ የሠራተኞች ቡድን በ12.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። ከ20 ዓመት በኋላ ከገዛበት ያነሰ መሆኑ ነው።

የውሉ ጊዜ ሲያልቅ ሊዮ 65 ዓመቱ ነበር። የቀድሞ ባልደረባው ፎረስት ዋይትና ቶም ዎከር የመሠረቱትን ሚውዚክ ማን የተባለ ኩባንያ በ1975 በፕሬዚዳንትነት ያዘ። በ1976 የወጣው ስቲንግሬይ ቤዝ በውስጡ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ማጉያ ይዟል፤ ተጫዋቹ ወፍራሙንና ቀጭኑን ድምፅ ገና ከመሣሪያው ሳይወጣ መመጠን ይችላል። ከ25 ዓመት በፊት ቤዙንና አምፕሊፋየሩን ለየብቻ የሠራው ሰው አሁን የአምፕሊፋየሩን ሥራ ከፊሉን ወደ ቤዙ ውስጥ አስገባው። በ1979 ባለቤቱ አስቴር በካንሰር ሞተች። በዚያው ጊዜ ከሚውዚክ ማን ተለይቶ ከጆርጅ ፉለርተን ጋር ጂ ኤንድ ኤል የተባለውን ድርጅት አቋቋመ፤ በ1980 ፊሊስን አገባ። የድርጅቱ ስም የጆርጅና የሊዮ የመጀመሪያ ፊደላት ነው፤ ፋብሪካው የቆመው ፌንደር ተብሎ በስሙ በተሰየመ የፉለርተን ጎዳና ላይ ነበር። በጎዳናው ላይ የተጻፈው ስም በፋብሪካው ጊታሮች ላይ ሊጻፍ አይችልም ነበር።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት የፓርኪንሰን ሕመም እጁን ቢያዳክመውም ሥራውን አልተወም። ማርች 21 ቀን 1991 በ81 ዓመቱ ሲያርፍ፣ እስከ ቀደመው ቀን ፋብሪካው ገብቶ ይሠራ እንደነበር ባልደረቦቹ ይናገራሉ። በቀጣዩ ዓመት በሮክ ኤንድ ሮል የክብር መዝገብ ስሙ ሰፈረ። በጂ ኤንድ ኤል ፋብሪካ የነበረው የሥራ ክፍሉ፣ ጠረጴዛውና መሣሪያዎቹ እንደተዋቸው እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር።